«እነዋሪ ሂዱ» ያላልኩበት ጾም

ማን እንደሆንኩ ሳልናገር ወደ ጉዳዩ ብገባ አንባቢ ነገሩን አይመዝነውም። ስለዚህ ከራሴ እጀምራለሁ።

በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ከጎረቤላ እስከ እነዋሪ ቆሞ የቀረ ወፍጮ ሁሉ የሚጠብቀው እኔን ነበር። ጥገና ያስተማረኝ ሰው የለም። ሞተሩ ሲዞር ከመንገድ ላይ ቆሜ እሰማውና፣ ሕመሙ ዘንጉ ከሚዞርበት ኩሽኔታ ይሁን፣ ሞተሩን ከድንጋዩ ከሚያገናኘው ቺንጋ ይሁን፣ ድንጋዩ ሳይወቀር ከርሞ ይሁን ለይቼ እገባለሁ። ባለቤቱ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ሳይጨርስ መፍቻዬ ብሎኑ ላይ ነው።

ፊደልም ያስቆጠረኝ የለም። በወጣትነቴ ደብረ ብርሃን የተከራየኋት ክፍል ግድግዳዋ በሙሉ ጋዜጣ ተለጥፎበት ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ ከብርድ ልብስ አያስወጣም፤ ተኝቼ ግድግዳውን አያለሁ። አንዱን ፊደል ካከራየችኝ ሴትዮ፣ አንዱን ከጎረቤት ወታደር እየጠየቅሁ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ግድግዳውን አነበብኩት። የለጠፈው ሰው አንዳንዱን ጋዜጣ ዘቅዝቆት ስለነበር እስከ ዛሬ የተገለበጠ ጽሑፍ ሳልቸገር አነባለሁ። ይህን የሚችል ሰው በሰንበቴያችን የለም፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ቀጥዬ ዳዊት ገዛሁ። ግእዙን ቅዳሴ እየተከታተልኩ ለመድኩት፤ አሁን መቶ ሃምሳውንም በቃሌ እወጣዋለሁ። ዲያቆን መልእክት ሲያነብ ከሳተ፣ በወንዶቹ በር አጠገብ ከቆምኩበት ድምፄን ከፍ አድርጌ አርመዋለሁ። ካህናቱ አይወዱልኝም። ቃሉ ግን የእነሱ ብቻ አይደለም።

ይህን ሁሉ ይዤ አልቆረብኩም ነበር። የአገራችን ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እኔና ባለቤቴ የተጋባነው በሽማግሌ ነው፤ በቁርባን አይደለም። እንደ እኛ ያለ ባልና ሚስት ዕድሜው ሲገፋ፣ ንስሐ ገብቶ፣ አንድ ላይ ይቀርባል። አንዱ ሌላውን ትቶ አይቆርብም። እኛም «ለከርሞ፣ ለከርሞ» ስንል ኖርን።

ባለቤቴ ሆዷን ታመመች። ሐኪሙ ለብቻዬ ሊነግረኝ ወደ በሩ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። እሷ ካልጋው ላይ ሆና፣ «ምን ያንሾካሽካል? ጆሮዬን አይደለም ያመመኝ» አለች። ሐኪሙ ደንግጦ ተመለሰ።

«ፋሲካን አያለሁ?» አለችው።

«እግዚአብሔር ያውቃል እማማ፤ ያያሉ ብዬ አስባለሁ።»

«ፍልሰታንስ?»

ሐኪሙ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። እሷም መልሱን ከወረቀቱ ድምፅ ሰማች። በታክሲ ስንመለስ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ጾም እንቆርባለን። የተጣላኸው ሰው አለ?» አለችኝ።

«እኔ ከማንም አልተጣላሁም። ሰው ነው ከእኔ የሚጣላ።»

«እሱን ለቄሱ ንገረው፤ ይሳቅበት።»

የንስሐ አባታችን ጺሙ እንኳ በቅጡ ያልሞላ ልጅ ነው። እንደ ማንኛውም ወጣት «አባባ፣ እርስዎ» ይለኛል፤ መስቀሉን ከያዘ ግን «ልጄ፣ አንተ» ይላል። ንስሐዬን ሰማ። ከዚያ እኔው ጠየቅሁት።

«ስንት ስግደት ይሰጡኛል አባ?»

«ምንም።»

«ጾሙንስ እስከ ማታ ላድርገው?»

«አሁንም እስከ ማታ ነው የሚጾሙት። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ስግደትም ብሰጥዎት በደስታ ነው የሚሰግዱት፤ ከዚያ በገበያ ስንት እንደሰገዱ እሰማለሁ።» መስቀሉን ከፍ አደረገ። «ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጸሎተ ሐሙስ ቅዱስ ቁርባኑን እስክትቀበል ድረስ ስለ ራስህ መልስ አትስጥ። ቢሰድቡህም፣ ቢዋሹብህም። ማንንም አታርም። ቀኖናህ ይኸው ነው።»

«አንድ ቃል ቢያመልጠኝስ?»

«ለፍልሰታ እንነጋገራለን።»

«ሚስቴ ለፍልሰታ አትደርስም!»

«አውቃለሁ፤ ነግራኛለች» አለ ዓይኑን ሳይሰብር። «ስለዚህ አያመልጥህም።»

እንዲህ ያለ ጨካኝ ልጅ አይቼ አላውቅም። ግን አልዋሽም፤ ኮራሁ። ስግደት ለማንም ይሰጣል። እንዲህ ያለው ቀኖና የሚሰጠው ለሚችል ሰው ነው። በእሑዱ ሰንበቴ፣ ዳቦው ሲቆረስ፣ በዚህ ደብር የእኔን ዓይነት ቀኖና የተቀበለ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ማንም የለም። ምን እንደሆነም አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ሁሉም በጽሞና ሰማኝ፤ ያንን ያህል በጽሞና ሰምተውኝ አያውቁም ነበር።

በማግስቱ ተጀመረ። ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳልፍ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ጋሼ፣ ባለፈው የሠሩት ሞተር ሲያስል አደረ አሉ።»

«ኧረ ተይው፤ ዛሬ እግሩን ብትረግጪውም አይናገርም።»

«እውነት? እስቲ ልርገጠው።» ረገጠችኝ። በላስቲክ ጫማዋ አውራ ጣቴን። ሁሉም ሳቁ፤ እሷም እንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች።

ዲያቆኑ ባሰ። መልእክቱ ከሮሜ ሆኖ ሳለ «ወደ ቆላስይስ ሰዎች» ብሎ ጀመረ። ጀምሮም ቆም አለና ወደ ወንዶቹ በር ተመለከተ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ። ፈገግ ብሎ ቀጠለ። ያን ቀን ምዕመኑ በሙሉ ቆላስይስን ሰምቶ ወደ ቤቱ ገባ፤ እኔ ብቻ ሮሜን ተሸክሜ ወጣሁ።

ይህን ችያለሁ። ይህ ልምምድ ነበር።

በሰፈራችን ትልቁ ወፍጮ የሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው የእኩያዬ፣ ከልጅነት የማውቀው፣ የሰንበቴ ጓደኛዬ ነው፤ ባለ ወፍጮው እለዋለሁ። ሁለተኛው የሚስቱ ወንድም ነው፤ ገንዘቡን አውጥቶ ሥራውን ለባለ ወፍጮው የተወ፣ ቁጡ ሰው፤ አማችየው እለዋለሁ። ጾሙ ሊገባ ሲል ባለ ወፍጮው ጠራኝና፣ በቅርቡ የገባውን አዲሱን ኩሽኔታ አውጥቼ አሮጌውን እንድመልስ አዘዘኝ። አዲሱን ለብቻው ባቆመው በእነዋሪው ወፍጮ ላይ እንድገጥመው ፈለገ። «አማቼ ያውቃል» አለኝ። አመንኩት። ኩሽኔታውን በባለቤቴ አሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ ጭኔ ላይ አድርጌ ወስጄ፣ እነዋሪ ገጠምኩት። እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር።

ጾሙ ሲጋመስ አሮጌው ኩሽኔታ ተፈረካከሰና ትልቁ ወፍጮ ቆመ። የገበያ ቀን ነው፤ ግቢው በአህያና በጆንያ ተሞልቷል። ተጠርቼ ፈታሁት። አማችየው ከጀርባዬ ቆሞ ነበር። የተፈረካከሰውን ዕቃ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«አዲሱ የት ሄደ?»

ባለ ወፍጮው ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር። አልተነሣም። «እሱን ጠይቀው» አለ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ። «የሚፈታው እሱ፣ የሚገጥመው እሱ። እኔ ምን አውቃለሁ?»

ያኔ ገባኝ። አማችየው ምንም አያውቅም ነበር። ባለ ወፍጮው ደግሞ ሰንበቴ ላይ ቀኖናዬን ስተነትን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ዳቦ እያኘከ ሰምቶኛል። ቀኖናዬን እንደ ቺንጋ አድርጎ ውሸቱን አዞረበት።

«አንተ ሽማግሌ፣ ኩሽኔታዬን የት አደረስከው?» አለኝ አማችየው።

ሁለት ቃል ነበረኝ። «እነዋሪ ሂዱ።» ሌላ አያስፈልግም። ሄደው ቢፈቱት እዚያው ነው። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ብረት ብረት አለኝ። ዓይኔን ስጨፍን የታየኝ ግን የሐኪሙ ወረቀት ነው። ዋጥኩት።

«ተናገር እንጂ! ዳዊት ደጋሚ ሌባ!»

የመፍቻ ቦርሳዬን ቀምቶ መሬት ላይ ዘረገፈው። መፍቻዎቼ፣ መዶሻዬ፣ ድንጋይ የምወቅርበት መሮ፣ ሁሉም ዱቄት ላይ ወደቀ። ኩሽኔታ አጣበት። መልሶ ሰበሰበና ቦርሳውን ትከሻው ላይ አደረገ። «ኩሽኔታው እስኪመለስ በመያዣ» አለ። ከዚያ እግሬ ሥር ተፋ። ያን ሰሞን ሲስቁብኝ የነበሩት ሴቶች አሁን አልሳቁም፤ ጆንያቸውን ወደ ራሳቸው ጠጋ አደረጉ። ከምራቁ ይልቅ ያ ነው ያመመኝ።

ወሬው ከእኔ በፊት ቤት ደረሰ፤ ከቤትም አልፎ ጎረቤላ ደረሰ። የሚጠራኝ ወፍጮ ጠፋ። በእሑዱ የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለትም አለቃችን፣ በሁሉም ፊት ጠየቀኝ።

«ወንድማችን፣ ወስደሃል ወይስ አልወሰድክም? አንዱን በል፤ እናምንሃለን።»

ባለ ወፍጮው ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበር። ዳቦውን ይቆርሳል እንጂ አይበላም። እኔ የዳቦ ፍርፋሪ ከጉልበቴ አራገፍኩ።

«እንግዲህ አፍ እያለው ካልተናገረ እኛ ምን እናድርግ?» አለ ሙሴው፤ ቦታዬንም ወደ በሩ አወጡት። ነፋስ የሚገባበት፣ ዳቦው መጨረሻ የሚደርስበት ቦታ ነው።

ወደ ቄሱ ሮጥኩ። «አባ፣ ስድቡን ችያለሁ። ሌባ ተብያለሁ እኮ! ሥራዬ ሄደ፣ ስሜ ሄደ። ይፍቱኝና ልናገር።»

«አልሰረቅህም?»

«አልሰረቅሁም! ዕቃው ያለበትን አውቃለሁ።»

«እግዚአብሔርስ ያውቃል?»

«ያውቃል እንጂ!»

«ታዲያ ማን እንዲያውቅልህ ነው የምትሮጠው?» ብሎ መስቀሉን አሳለመኝና ወደ ሥራው ገባ። ደጁ ላይ ቆሜ በሆዴ ያላልኩት የለም። በሆድ መስደብ በቀኖናው አልተከለከለም ነበር፤ ኋላ ነው እሱም የቆመ።

ቤት ስገባ አንድ መንገድ ታየኝ። ባለቤቴ ሁሉንም ታውቃለች፤ ነጠላዋን የሰጠችኝ እሷ ናት። ጠያቂ ሴቶች በየቀኑ አልጋዋ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ለአንዷ ብትናገር እስከ ማታ አረርቲ ይደርሳል።

«ንገሪያቸው» አልኳት። «ቀኖናው የእኔ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም።»

ትራሱ ላይ ተደግፋ ተመለከተችኝ። ጉንጯ ገብቷል፤ ዓይኗ ግን ያው የድሮው ነው፤ የሚወጋ።

«በእኔ አፍ ልትመልስ ነው?»

«እውነት እኮ ነው!»

«እውነት መሆኑን አውቃለሁ። የተከራየኸው አፍ ግን ያው የአንተ አፍ ነው። እኔ ልሞት እየተዘጋጀሁ፣ አንተ በእኔ አንደበት ኩሽኔታ ልታስፈልግ?» ሳቀች፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ። ደም የነካው መሀረቧን ሸሸገችው። «ተው አንተ ሰውዬ። ውሃ ስጠኝ።»

ውሃ ሰጠኋት። ከእሷ በኋላ ሌላ መንገድ አልፈለግሁም።

ሥራ ስላልነበረ ቤት ዋልኩ። አጠብኳት፣ አጥሚቱን ሠራሁ፣ ዳዊቱን ከአልጋዋ አጠገብ ደገምኩ። የመጣ ሰው ሁሉ ቀድሞ ዕቃውን በዓይኑ ይቆጥር ነበር፤ የሌባ ቤት አይደል። አንዷ ጎረቤት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ ነው የምትጸልይላት። ዝም ስል ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። እስከዚያ ቀን ሰው ሲናገር እኔ ሰምቼው አላውቅም፤ መልሴን እያዘጋጀሁ ነው የምቆየው። መልስ ሲከለከል ጆሮዬ ተፈታ። የሞተር ድምፅ የሚለየው ጆሮዬ ሰውን መስማት ጀመረ። አማችየው ሲሳደብ፣ ከንዴቱ ሥር ባለ ወፍጮውን እንደሚፈራ ሰማሁ። ባለ ወፍጮው ሲስቅ ትንፋሹ እንደሚያጥር ሰማሁ። ባለቤቴ «አልታመምኩም» ስትል የትኛው አጥንቷ እንደሚያማት ሰማሁ። ይህን ከማንም አልተማርኩም።

ሆሳዕና ከመግባቱ በፊት ቄሱ ንስሐችንን ፈታ፤ አፌ ግን እስከ ሐሙስ እንደታሰረ ነበር። ጸሎተ ሐሙስ ባለቤቴን በወንበር ተሸክመን ወሰድናት። የእግር አጠባው ላይ ወንዶቹ በረድፍ ተቀመጥን፤ ቄሱ በርከክ ብሎ በወይንና በወይራ ቅጠል ያጥባል። ባለ ወፍጮው ከእኔ ቀጥሎ ተቀመጠ። አጋጣሚ አልነበረም። ተራዬ ሲደርስ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣

«አባ፣ የእሱን ደኅና አድርገው ይጠቡት» አለ። «የሞተር ግራሶ ቶሎ አይለቅም። የሰው ዕቃ የለመደ እጅም እንደዚያው ነው።»

ረድፉ በሙሉ ሳቀ። በቤተ ክርስቲያን፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ በሕማማት ሳቁ። ከሴቶቹ በኩል ባለቤቴ ምንጣፍ ላይ ተደግፋ አየችኝ። አንገቷን አልነቀነቀችም፣ ምልክት አልሰጠችኝም።  ቄሱ ቀና አላለም፤ ቁርጭምጭሚቴን የያዘበት እጁ ግን ጠበቀ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ጥርሴ ተጋጨ እንጂ አልተከፈተም።

ተራ በተራ ቀረብን። ሥጋውን ስትቀበል መዋጥ አቅቷት ትንሽ ቆየች፤ ደሙን ተቀበለችና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም ከኋላዋ ተቀበልኩ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ «በቃ፤ አሁን እንደፈለገህ ተናገር» አለችኝ።

ልናገር ነበር! ያ ሁሉ ጾም ንግግሬን ስወቅረው ነው የከረምኩት። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰንበቴ በሁሉም ፊት ቆሜ ልለው። ዋዜማውን ባለቤቴ፣ «መጀመሪያ ለእኔ አሰማኝ» አለች። ቆሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሰማኋት። ከዳዊት ገብቶበታል፣ ከወንጌል ገብቶበታል፣ ያማረ ነበር። ዓይኗን ጨፍና ሰማችና፣

«ጥሩ ነው» አለች። «ስለ ኩሽኔታው ግን ሁለት ቃል ነው ያለው። ሌላው በሙሉ ስለ አንተ ነው።»

ሰው ለሚሞት ሰው አይቆጣም። ወጥቼ ደጅ ተቀመጥኩ። ስለ እኔ ያለውን አንድ በአንድ አወጣሁት፤ «እነዋሪ ሂዱ» ብቻ ቀረ። እሱን ብናገር አማችየው ሽርክናውን ያፈርሳል፣ እህቱን ከባለ ወፍጮው ቤት ይወስዳል፤ ቁጣውን አውቀዋለሁ፤ ሰምቼዋለሁ። ለስሜ ብቻ ነው የሚጠቅመው። ስሜን ደግሞ ያ ልጅ ቄስ እንዳለው የሚያውቅልኝ አለ። እሑድ ሰንበቴ ሄድኩ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ዳቦዬን በላሁ። ባለ ወፍጮው አልበላም።

ባለቤቴ ክረምቱ ሳይገባ ዐረፈች። ለሥጋ ወደሙ በቅታ ነው የሄደችው። ባለ ወፍጮው ለቅሶ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ንፍሮውን በእጁ ይዞ ብዙ ቆየ።

«ለምን አልተናገርክም?» አለኝ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ። «ጾሙ ከወጣ በኋላ እንኳ። እንቅልፍ ነሣኸኝ። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።»

ፈርቶ ሳየው ጣፈጠኝ። አልክድም፤ ያ ጣዕም ገና አልወጣልኝም፤ በእሱ ላይ እየሠራሁ ነው።

«ድንጋይህ አልቋል» አልኩት። «ከመንገድ ላይ ይሰማኛል፤ ዱቄቱን ያቃጥላል። ማክሰኞ መጥቼ እወቅረዋለሁ።»

«በነጻ?»

«ለምን በነጻ? ዋጋዬን ታውቃለህ።»

ይህ ነው ታሪኩ። የእነዋሪው ወፍጮ ዛሬ በመብራት ይሠራል፤ ያ ኩሽኔታ ከአሮጌ ብረት ጋር የቁራሌው ሆኖ ሄዷል። ሂዱ ብልም አሁን የሚታይ ነገር የለም። የሰፈሩ ግማሽ አሁንም ሌባ እንደሆንኩ ያምናል።

ያደረግሁትን ልዘርዝርና ላብቃ፤ ሌላ ሰው እንደማይዘረዝርልኝ አውቃለሁ።

ያለ አስተማሪ ማንበብ ቻልኩ፤ ተገልብጦም ቢሆን።

ዳዊትን በቃሌ ይዣለሁ።

ከጎረቤላ እስከ እነዋሪ ያሉትን ወፍጮዎች አስነሥቻለሁ፤ ዛሬም ተመልሰው እየጠሩኝ ነው፤ ሌባም ቢሆን ይሠራል ብለው።

ሮሜ ቆላስይስ ሲባል ሰምቼ ዝም አልኩ። ይህ ከሁሉም ከባዱ ነበር።

ሚስቴን አስቆረብኩ። አጠብኳት፣ ቀበርኳት።

በራሴም በሌላ ሰውም አፍ አልመለስኩም።

ማክሰኞ ሄጄ ድንጋዩን ወቀርኩ፤ በአገሩ እንደዚያ የተወቀረ ድንጋይ የለም። ስደርስ የመፍቻ ቦርሳዬ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መፍቻዎቹ ዱቄታቸው ተጠርጎ፣ በየቦታቸው ተሰክተው። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅሁም።